ሮዝ ሐይቅ (ሬትባ) ከዳካር በአንድ ቀን ደርሶ መልስ፦ ቀለሙ አሁንም አለ? ልጅና እናት ይዞ ይኬዳል?

ጥያቄ፦ መንገደኛዋ

ጤና ይስጥልኝ። በጃንዋሪ መጨረሻ ለሥራ ስብሰባ ሴኔጋል፣ ዳካር እሄዳለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ አንድ ሙሉ ቀን ስለሚተርፈኝ ሬትባን፣ ሮዝ ሐይቅ የሚሉትን፣ አይቼ ለመመለስ አስቤያለሁ። እናቴና የ9 ዓመት ልጄ አብረውኝ ናቸው። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት አሸዋ ላይ ብዙ መራመድ አትችልም። ልጄ ደግሞ ሰው ሳይዋኝ የሚንሳፈፍበት ውሃ መሆኑን ከሰማች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

ያሳሰበኝ ነገር ቢኖር ቀለሙ ነው። ፎቶዎቹ ላይ ውሃው ፍጹም ሮዝ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ሄዶ ያየው ተራ ግራጫ ውሃ እንደነበር ነገረኝ። እናቴን አድክሜ ወስጄ ምንም ሳናይ ብንመለስ ያሳዝነኛል። በዚያ ወር ቀለሙ ይታያል? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንሂድ? መኪና ተከራይተን ነው ወይስ ከአስጎብኚ ጋር? ልጄስ ውሃው ውስጥ ብትገባ ችግር አለው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ የዳካር ነዋሪ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔ የምኖረው እዚሁ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ መውሰድ የኔ ሥራ ሆኗል።

ባልደረባሽ ትክክለኛውን ነው የነገረሽ። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምቱ ከባድ ነበር። የዳካር ዳርቻ ሰፈሮች በጎርፍ ተጥለቀለቁ፤ የጎርፉም ውሃ ወደ ሐይቁ እንዲሄድ ተደረገ። ሐይቁ ሞልቶ ጨዋማነቱ ወረደ፤ ሮዙም ጠፋ። ዳር ላይ ተከምሮ የነበረ ጨው በውሃ ተወሰደ፤ ጨው የሚያወጡት ሰዎችም ሥራቸው ተስተጓጎለ። ከዚያ በኋላ ውሃው እየጎደለ ሲመጣ ቀለሙ ተመልሶ ታይቷል። ስለዚህ ጥያቄው «አለ ወይስ የለም» ሳይሆን «በዚህ ዓመት ምን ያህል ዘነበ» ነው።

እዚህ ዝናቡ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ነው። ከኖቬምበር እስከ ጁን ደረቅ ነው፤ ውሃው በትነት እየቀነሰ ስለሚሄድ ቀለሙ እየበረታ ይመጣል። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ጥሩ ዕድል አለሽ፤ ግን ማርችና ኤፕሪል ይበልጣሉ። አንድ የማደርገውን ልንገርሽ፦ ሐይቁ ዳር ትናንሽ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች አሉ። ከመሄድሽ በፊት ባለው ቀን ወደ አንዱ ደውለሽ፣ ወይም ያረፍሽበት ሆቴል ሠራተኛ በፈረንሳይኛ ደውሎልሽ፣ የዚያን ቀን የውሃውን ቪዲዮ በዋትስአፕ እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ለምሳ እንደምትመጪ ከነገርሻቸው ደስ ብሏቸው ይልካሉ። ከማንኛውም ድረ ገጽ ፎቶ ይልቅ እሱን እመኚ።

መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ሐይቁ ከዳካር በስተሰሜን ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ አንድ ሰዓት ይበቃል። ግን በኬር ማሳር በኩል ወይም ሩፊስክ ውስጥ መጨናነቅ ካለ በእጥፍ ሊረዝም ይችላል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ 2 ሰዓት ስል ስልክሽ ላይ 8፡00 ይላል። ከከተማ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውጡ። ከዚያ ቀድሞ መነሳት አያስፈልግም፤ ምክንያቱን ቀጥሎ የሚጽፈው ሰው ቢያስረዳሽ ይሻላል።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር

ላስረዳ። ብዙ ሰው ሮዝ የሆነው ጨው ነው ብሎ ያስባል። ጨዉ ነጭ ነው። ቀለሙን የሚሰጡት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። ዋናዋ ዱናሊየላ ሳሊና የምትባል ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ናት። በተፈጥሮዋ አረንጓዴ ናት። ጨው ሲበዛባትና ፀሐይ ሲበረታባት ግን ራሷን ለመከላከል ቤታ ካሮቲን ታከማቻለች፤ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ማለት ነው። ከእሷ ጋር ሃሎአርኬያ የሚባሉ ጨው ወዳድ ደቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ፤ እነሱም ቀይ ቀለም አላቸው። ሌላው ፍጥረት በሙሉ የሚሸሸው ጨው ለእነዚህ ተወዳዳሪ የሌለበት ሰፊ አገር ይሆንላቸዋል። የባሕር ውሃ ጨው 3.5 በመቶ ገደማ ሲሆን የሬትባ በደረቁ ወቅት አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ዝናብ ሲገባበት ጨዉ ስለሚቀጥን አልጌዋ ወደ አረንጓዴነቷ ትመለሳለች፤ ሌሎች አልጌዎችም ይገቡና ቦታ ይሻሟታል። የ2022ቱ ነገር በአጭሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ጠዋት ማለዳ ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለ ውሃው የሰማዩን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ የምታዪው ግራጫ ወይም ሰማያዊ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ብርሃኑ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ያኔ የውሃው የራሱ ቀለም ይወጣል። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ነው። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ ወይም ከሰሐራ የሚመጣው የሐርማታን አቧራ ከጋረደው ቀለሙ ይደበዝዛል፤ በጃንዋሪ ይህ አቧራ ያጋጥማል። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ካላችሁ ያዙ፤ የውሃውን ላይ ነጸብራቅ ስለሚቀንስ በባዶ ዓይን የማይለየውን ሮዝ ያሳያል። ልጅሽን መጀመሪያ በባዶ ዓይን፣ ቀጥሎ በመነጽሩ እንድታይ አድርጊያት፤ ክፍል ውስጥ በቃል ከሚነገረው በላይ ትማርበታለች።

መልስ፦ ካሜራ ያዥ

የፎቶውን ነገር እኔ ልጨምር። ከውሃው ዳር ቆመሽ በአግድም ካየሽ ቀለሙ ግማሹን ያጣል። ከፍ ካለ ቦታ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ቁልቁል ማየት ነው የሚሻለው። በሐይቁና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ያለው አሸዋ ክምር ለዚህ የተመቸ ነው፤ ለእናትሽ ግን አይሆንም። እሷ ከጀልባ ላይ በደንብ ታያለች።

እኔ በግሌ ቀለሙ ከሌለ አልሄድም። አንድ ቀን ብቻ ካለሽ ጎሬ ደሴት ወይም የዳካሩ የጥቁር ሥልጣኔዎች ሙዚየም ይሻልሻል ባይ ነኝ። ቪዲዮው ላይ ግራጫ ካየሽ ሐሳብሽን ቀይሪ።

መልስ፦ የዳካር ነዋሪ

በዚህ አልስማማም ወንድሜ። ጎሬን ማየት ግዴታ ነው ብትል እሺ። ግን ሮዙ ባይኖርም ሐይቁ ላይ የሚታየው ሥራ ብቻውን መንገዱን የሚያስወጣ ነው።

ጨው ማውጣት እዚያ የተጀመረው በ1970ዎቹ ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከማሊ፣ ከጊኒ፣ ከቡርኪና ፋሶና ከሌሎችም ጎረቤት አገሮች የመጡ ናቸው። ወንዶቹ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ከታች የተጋገረውን ጨው በእንጨት እየወጉ ይሰብራሉ፤ በአካፋና በቅርጫት እያወጡ ጀልባቸውን ይሞላሉ። ጀልባው ከጨዉ ክብደት የተነሣ ጠርዙ ውሃውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ዳር ሲደርስ ሴቶች በሳህን በጭንቅላታቸው እየተሸከሙ ያወርዱታል። ሲወጣ ግራጫ የነበረው ጨው ፀሐይ ላይ ተከምሮ እየደረቀ ይነጣል። ያን ያህል ሰዓት እዚያ ውሃ ውስጥ የሚቆም ሰው ቆዳው እንዳይላጥ ጠዋት ጠዋት ካሪቴ የሚሉትን የሺአ ቅቤ ሰውነቱን ይቀባል። የአፋሩን አሳሌ ያየ ሰው ልዩነቱ ይገርመዋል፤ እዚያ ጨዉ ከደረቅ መሬት እየተፈለጠ አሞሌ ሆኖ በግመል ይጫናል፣ እዚህ ግን ሁሉም ነገር በውሃ ውስጥ ነው።

ለዚህ ነው «ቀለም ከሌለ አትሂጂ» ሲባል የሚያመኝ። እነዚያ ሰዎች ቀለሙ ኖረም አልኖረም እዚያው ናቸው።

መልስ፦ ነርሷ

የልጅቷን መግባት በተመለከተ እኔ ልመልስ። ጤነኛ ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ብትገባ፣ አዋቂ እጇን ይዞ አብሯት ካለ፣ ችግር የለውም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ዓይን ነው። ይህን ያህል ጨው ዓይን ውስጥ ሲገባ በጣም ያቃጥላል፤ ልጅ ደግሞ ወዲያው በእጇ ታሻለች፣ እጇም ላይ ጨው አለ። ስለዚህ ከመግባቷ በፊት «ውሃ አትረጪ፣ ፊትሽን አትንኪ» ብለሽ አስጠንቅቂያት፤ የዋና መነጽር ካላት አድርጊላት። ንጹህ ውሃ በጠርሙስ ይዘሽ ዳር ላይ አስቀምጪ፤ ከገባባት ሳታሻሽ ብዙ ውሃ ዓይኗ ላይ አፍስሽ።

ሁለተኛ፦ በጀርባዋ ነው መንሳፈፍ ያለባት። በጣም ጨዋማ ውሃ ሰውነትን ወደ ላይ ስለሚገፋ በደረቱ የተገለበጠ ሰው እግሩን ወደ ታች ማውረድ ይቸግረዋል፤ ፊቱ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አትዘናጊ። እንዳትጠጣም ጠብቂያት፤ ብዙ ከዋጠች ለሰውነቷ አደገኛ ነው፣ ሐኪም ጋ መወሰድ አለባት።

ጭረት ወይም ቁስል ያለበት ሰው አይግባ። አንቺም ብትገቢ በዋዜማው እግርሽን አትላጪ። የታችኛው ጨው ስለታም ስለሆነ በባዶ እግር መግባት አይሆንም፤ የፕላስቲክ ጫማ አድርጉ። የቆዳ ጫማ ጨው ይበላዋል። የብር ጌጥም ሆቴል ይቅር። ስትወጡ ወዲያው በንጹህ ውሃ መታጠብ ነው፤ ሆቴሎቹ ጋ ሻወር ካለ ቀድመሽ ጠይቂ፣ ካልሆነ ጀሪካን ውሃ መኪና ላይ ጫኚ።

አንድ ነገር ግን፦ ቪዲዮው ላይ ውሃው አረንጓዴ ወይም የደፈረሰ ከሆነ፣ ወይም ጎርፍ በቅርቡ የገባበት ዓመት ከሆነ፣ ልጅቷን አታስገቢያት። የከተማ ጎርፍ የሽንት ቤቱንም የቆሻሻውንም ጠራርጎ ነው የሚመጣው። ያኔ በጀልባ መዞሩ ይበቃታል።

እግረ መንገዴን፦ ለሴኔጋል ጉዞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ። የወባ መከላከያ መድኃኒትም ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ በተለይ ለልጅቷ መጠኑ በክብደቷ ስለሚወሰን።

መንገደኛዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቪዲዮ የማስላኩ ነገር በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። የውሃውን ጉዳይ ነርሷ እንዳለችው አደርጋለሁ። ቀለም ባይኖርም ለመሄድ ወስኛለሁ፤ እናቴ የጨዉን ሥራ ሳነብላት «ሴቶቹን ማየት አለብኝ» ብላለች። አሁን የቀረኝ መኪናውና ገንዘቡ ነው። ዳር ላይ ሻጮችና አስጎብኚ ነን ባዮች ያዋክባሉ የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ተመላላሽ ነጋዴ

ለናንተ ታክሲ በቀን መያዝ ነው የሚሻለው እህት። ባቡርም አለ፤ ቴኤር የሚባለው ፈጣን ባቡር ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ከዳካር በሩፊስክ አድርጎ እስከ ጃምኛጆ ይሄዳል፤ ንጹህና ምቹ ነው። ብቻዬን ብሆን በባቡር ሩፊስክ ወርጄ ከዚያ ታክሲ እይዝ ነበር። ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዞ ግን መውጣት መውረዱ አያዋጣም። በቡድን የሚወስዱት አስጎብኚዎች ደግሞ ሰዓታቸው የራሳቸው ነው፤ ፀሐይ ከፍ እስክትል አይጠብቁሽም፣ ቶሎ ወደ ሱቅ ያስገቡሻል።

ታክሲ ስትይዢ ሜትር የለውም፤ ዋጋ በቃል ነው። «መሄድ፣ እዚያ መጠበቅ፣ መመለስ» ሦስቱንም አንድ ላይ ተስማሚ፤ የክፍያ መንገድ የሚሄድ ከሆነ የኬላውን ማን እንደሚከፍልም ጨምረሽ። ከተመለስሽ በኋላ ነው ሙሉውን የምትከፍይው። ያረፍሽበት ሆቴል የሚያውቀው ሾፌር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ገንዘቡ ሴፋ ፍራንክ ነው። ከዩሮ ጋር ምንዛሪው ቋሚ ነው፤ 1 ዩሮ 655.957 ሴፋ ነው። ስለዚህ ዩሮ ይዞ መሄድ ከዶላር ይሻላል፤ ስትመነዝሪ ምን ያህል እንደተቆረጠብሽ ወዲያው ታውቂዋለሽ። የአገሩ ሰው በዌቭና በኦሬንጅ መኒ በስልኩ ነው የሚከፍለው፤ ለጥቂት ሰዓት እንግዳ ግን ጥሬ ገንዘብ ይበቃል። ትንንሽ ኖቶችና ሳንቲሞች አዘጋጂ። 10,000 ሰጥተሽ መልስ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ያቆማል።

ማዋከቡ እውነት ነው፤ ግን ክፋት የለበትም። ቱሪስት ሲጠፋ የሚኖሩት በምን እንደሆነ አስቢው። መኪናው ገና ሳይቆም ሥዕል፣ ጌጥ፣ የጀልባ ዙር፣ የአሸዋ ሞተር የሚሉ ይመጣሉ። «ስጦታ ነው» ብለው እጅሽ ላይ የሚያስሩት አምባር ስጦታ አይደለም፤ በፈገግታ መልሺው። ሰላምታ ሳትሰጪ ማለፍ እዚያ አገር ነውር ነው። መጀመሪያ «ሰላማሌኩም» በይ፣ ከዚያ «ኖን፣ ጀረጀፍ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብለሽ ቀጥይ፤ ብዙዎቹ ይተውሻል። አንድ የጀልባ ሰው መርጠሽ ከተስማማሽ ሌሎቹን እሱ ራሱ ያርቅልሻል።

መልስ፦ ካሜራ ያዥ

ሠራተኞቹን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት አይገባም፤ በተለይ ሳህን የተሸከሙትን ሴቶች። ካሜራውን ወደ ታች ይዘሽ በዓይንሽ ጠይቂ፤ እምቢ ካለች እምቢ ነው። ገንዘብ ቢጠየቅ የሚገርም አይደለም። እኔ የሚሻለኝ ከእነሱ ትንሽ ጨው መግዛት ነው። በደንብ የታሰረ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ስልክሽንም በላስቲክ ሸፍኚ፤ የጨው ጠብታ ሲደርቅ ቻርጀር የሚሰካበትን ቀዳዳ ይበላል።

መልስ፦ የዳካር ነዋሪ

ለእናትሽ የምመክረው እንዲህ ነው። ሾፌሩ መኪናውን እስከ ጨው ክምሩ ድረስ ያስጠጋ፤ እዚያ መሬቱ ጠንካራ ነው። ተጣጣፊ ወንበር ካገኘሽ ወይም ከምግብ ቤቱ ከተዋስሽ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሥራውን ሁሉ ታያለች። ጀልባ ላይ ስትወጣ ሁለት ሰው ይደግፋት፤ ጠርዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከባዱ መግባቱ ሳይሆን መውጣቱ ነው።

አሸዋ ክምሩን ተሻግሮ ውቅያኖሱ አለ። የዳካር ራሊ አፍሪካ ላይ በነበረበት ጊዜ መኪኖቹ በዚያ ዳርቻ እየከነፉ መጥተው የሚጨርሱት ሐይቁ ጋ ነበር፤ የመጨረሻው በ2007 ነው። አሁን ሰው በአሸዋ ሞተርና በክፍት መኪና ይዞርበታል። ልጅቷ ማየት ከፈለገች በክፍት መኪና ከሾፌር ጋር ሂዱ፤ የአሸዋ ሞተሩን ለ9 ዓመት ልጅ አልመክርም። ውቅያኖሱ ውስጥ ግን ማንም አይግባ፤ ሞገዱ ወደ ውስጥ ይጎትታል።

ምሳ ላይ ቼቡጀን እዘዙ። ሩዙ በዓሣና በአትክልት የሚሠራው የሴኔጋል ዋና ምግብ ነው፤ በ2021 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እንደደረሳችሁ እዘዙና ወደ ሐይቁ ሂዱ፤ ካልሆነ ፀሐዩ ጥሩ በሆነበት ሰዓት ምግብ ስትጠብቁ ታሳልፋላችሁ።

መንገደኛዋ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በረራችን የዚያኑ ቀን ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ነው። ከሐይቁ ወደ ዳካር ተመልሰን ነው ወይስ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ የዳካር ነዋሪ

በቀጥታ ሂዱ። አውሮፕላን ማረፊያው ጃስ ነው ያለው፤ ከዳካር መሃል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሐይቁ በሩፊስክ በኩል ወጥታችሁ ዋናውን የክፍያ መንገድ ከያዛችሁ ወደ ከተማው መጨናነቅ ሳትገቡ ትደርሳላችሁ። ይህን ከሾፌሩ ጋር አስቀድመሽ ተስማሚ፤ ዋጋው ከደርሶ መልሱ ይለያል። ሻንጣችሁን ጠዋቱኑ ከሆቴል አውጥታችሁ መኪናው ላይ ጫኑ። ሐይቁ ጋ ስትሆኑ መኪናው ያለ ሰው አይቅር፤ ሾፌሩ አብሮት ይቆይ።

ከሐይቁ በ10 ሰዓት ተነሡ። ጊዜ ከተረፋችሁ መንገዳችሁ ላይ ኖፍላይ የኤሊዎች መንደር አለ፤ ትልልቅ የሣህል የየብስ ኤሊዎች የሚጠበቁበት ነው። ክፍት መሆኑን ሾፌሩ ጠዋት ደውሎ ይጠይቅላችሁ። የልጅቷን ቅያሪ ልብስና ፎጣ ከሻንጣው ለይተሽ በእጅሽ ያዢ፤ ጨው የነካው ልብስ እስከ ሌሊት ከቆየባት ያሳክካታል።